አሮጌ የውሃ ወፍጮን አድሶ ኤሌክትሪክ ማመንጨት፦ ለበጎ አድራጎት ማኅበራት የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

አንድ ማኅበር የተተወ የውሃ ወፍጮ ቤት ሲረከብ፣ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አንዱ እጁን አውጥቶ «ስንት ኪሎዋት ያወጣል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሌላው ደግሞ ወዲያው ስልኩን አውጥቶ የተርባይን ሻጭ ይፈልጋል። ብዙ እድሳት የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። ማሽኑ ቀድሞ ከተመረጠ ግድግዳው ለማሽኑ ሲባል ይፈርሳል፣ ቦዩ ለማሽኑ ሲባል ይሰፋል፤ ሥራው ሲያልቅ የቆመው ቤት የድሮውን ወፍጮ ስም ብቻ የያዘ ይሆናል።

እዚህ የምንሄደው በተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ወንዙ፣ ቀጥሎ ቤቱ፣ ከዚያ ፈቃዱ፣ ማሽኑ በመጨረሻ። ኤሌክትሪኩን እንደ ቤቱ ጡረታ አስቡት፤ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ገቢ እያስገባ ጣሪያው እንዳያፈስ፣ ግድግዳው እንዳይርስ የሚያደርግ።

ሐሳቡ የተሞከረ ነው። በሰሜን እንግሊዝ ክራግሳይድ በተባለው መኖሪያ ቤት ዊልያም አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1878 ከግቢው ውሃ ባመነጨው ኤሌክትሪክ መብራት አብርቷል። ቤቱን ዛሬ የሚያስተዳድረው ናሽናል ትረስት የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 በዚያው ግቢ 17 ሜትር የሚረዝም የአርኪሜዲስ ጠመዝማዛ (ውሃ በላዩ እየወረደ የሚያዞረው፣ እንደ ትልቅ ብሎን የተጠመዘዘ ማሽን) አስተክሏል። ለዚህ መመሪያ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሃውሸም ወፍጮ ነው። በዮርክሸር በደርወንት ወንዝ ላይ የሚገኝ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሕንፃ ሲሆን መፍጨት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ጣሪያው ወድቆ ዛፍ በቅሎበት ከቆየ በኋላ ሪኒዩዌብል ሄሪቴጅ ትረስት የሚባል ትንሽ በጎ አድራጎት ድርጅት አነሳው። አሁን የአርኪሜዲስ ጠመዝማዛውም የታደሰው የውሃ መዘውርም እዚያው አሉ።

1. ወንዙን ለኩ

ኃይል የሚመጣው ከሁለት ነገር ነው፦ በሰከንድ ስንት ውሃ ያልፋል፣ ያ ውሃ ስንት ሜትር ይወርዳል። በሰከንድ 1 ሜትር ኩብ ውሃ 1 ሜትር ሲወርድ 9.81 ኪሎዋት ይሰጣል፤ ይህ ምንም ሳይባክን ቢሆን ነው። በማሽኑ፣ በማርሹና በጄነሬተሩ ውስጥ የሚባክነው ሲቀነስ ለትንሽ ጣቢያ ከ60 እስከ 70 በመቶ ይቀራል ብሎ መነሳት ደህና ነው።

የፍሰቱን መጠን ለመጀመሪያ ግምት በራሳችሁ መለካት ትችላላችሁ። የሚያስፈልገው ሜትሮ፣ ገመድ፣ የሰከንድ መቁጠሪያና አንድ ብርቱካን ነው። ብርቱካን የሚመረጠው አብዛኛው አካሉ ውሃው ውስጥ ጠልቆ ስለሚንሳፈፍ ንፋስ ስለማይገፋው ነው። ቦዩ ቀጥ ብሎ ጥልቀቱም ብዙ የማይለዋወጥበት 10 ሜትር ያህል ምረጡ፤ በሁለቱም ጫፍ ገመድ ዘርጉ። ከላይኛው ገመድ ትንሽ ወደ ላይ ራቅ ብላችሁ ብርቱካኗን ጣሉና ከገመድ እስከ ገመድ የፈጀባትን ሰከንድ ያዙ። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ ከግራ፣ ከመሃል፣ ከቀኝ እያደረጋችሁ አሥር ጊዜ ያህል ደጋግሙና አማካዩን ውሰዱ። ጥልቀቱንም በየግማሽ ሜትሩ በተመተረ ዘንግ ለኩ።

በቁጥር እንየው። ቦዩ 3 ሜትር ስፋትና በአማካይ 0.6 ሜትር ጥልቀት አለው እንበል፤ የውሃው መቁረጫ ስፋት 1.8 ካሬ ሜትር ነው። ብርቱካኗ 10 ሜትሩን በ12 ሰከንድ ከጨረሰች ፍጥነቱ በሰከንድ 0.83 ሜትር ይሆናል። ላይ ላዩን የሚሄደው ውሃ ከታችኛው ስለሚፈጥን ይህን በ0.85 ታባዛላችሁ፤ 0.71 ይመጣል። በ1.8 ሲባዛ በሰከንድ 1.27 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ውሃው 2 ሜትር የሚወርድ ከሆነ 25 ኪሎዋት፣ በ65 በመቶ ስትመቱት 16 ኪሎዋት ያህል ታገኛላችሁ።

እዚህ ላይ ደስ ብሎት ስብሰባ የሚጠራ ሰው አለ። ያዙት። በመጀመሪያ ወንዙን በሙሉ መውሰድ አትችሉም፤ ለዓሣውና ለወንዙ ሕይወት የሚተው ውሃ በፈቃዱ ላይ ይወሰናል። ግማሹ ቢፈቀድላችሁ ከ16ቱ 8 ይቀራል። ሁለተኛ፣ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። 8 ኪሎዋት ያለማቋረጥ ዓመቱን ቢሠራ 70,080 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል፤ በደረቁ ወራት የሚቀንሰውንና የሚቆምበትን ስታስቡ ግማሹን፣ ማለትም 35,000 ገደማ ብሎ ማቀድ ይሻላል። ለማኅበሩ አባላት የሚነገረው ቁጥር ይህኛው ይሁን።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው ሲሰማ ይገረማል፦ ወንዝ ሲሞላ ኃይል ይቀንሳል። ውሃው በጥቂት ሜትር ብቻ በሚወርድበት ቦታ ጎርፍ ሲመጣ ከወፍጮው በታች ያለው ውሃ ከላይኛው ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይጨምራል፤ መሃላቸው ያለው ልዩነት እየጠበበ ይሄዳል። ወንዙ ሲያስገመግም ጄነሬተሩ ዝም የሚልባቸው ቀናት ይኖራሉ። ስለዚህ ከወፍጮው በላይና በታች አንድ አንድ የተመተረ ሰሌዳ ትከሉና ቢያንስ አንድ ዓመት በየቀኑ መዝግቡ። መንግሥት በወንዙ ላይ የረጅም ዘመን የፍሰት መዝገብ ካለው ደግሞ እሱን አግኙ፤ የአንድ ዓመት ምዝገባችሁ ዓመቱ የጥጋብ ይሁን የድርቅ የሚታወቀው ከዚያ ጋር ሲተያይ ነው።

2. ቤቱን እንዳለ መዝግቡ

አንድ ድንጋይ ሳይነሳ በፊት ሁሉም ነገር ፎቶ ይነሳ፣ ይለካ፣ ይሳል። ወለሉ ላይ የተበተነው እንጨት ቆሻሻ ይመስላል፤ ከመካከሉ ግን የማርሽ ጥርስ ይገኛል። በብዙ አሮጌ ወፍጮዎች የብረቱ ማርሽ የሚነክሰው የእንጨት ጥርስ ነበር። እንጨት ሆን ተብሎ የተደረገው ድምፁ ዝቅ እንዲል፣ አንድ ነገር ሲቀረቀር ደግሞ ውዱ ብረት ሳይሆን ርካሹ ጥርስ እንዲሰበር ነው። አንዷን ጥርስ ካገኛችሁ መጠኗንም የእንጨቱንም ዓይነት አወቃችሁ ማለት ነው፤ ሌሎቹን በሷ ልክ አናጺ ይሠራቸዋል። የምታገኙትን ሁሉ ቁጥር ስጡት፣ የተገኘበትን ቦታ በሥዕሉ ላይ ምልክት አድርጉ።

ግድግዳውን ስታዩ የተቀረጹ መስመሮች ፈልጉ። ወፍጮ ፈጪዎች ትልቅ ጎርፍ በመጣ ቁጥር ውሃው የደረሰበትን ከፍታ በበሩ ጎን ጭረው ዓመቱን ይጽፉ ነበር። እንዲህ ያለ ጭረት ካለ በነፃ የተገኘ የምህንድስና ጥናት ነው፤ በኋላ የኤሌክትሪክ ሳጥኑን የት እንደምትሰቅሉ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ስንት መመለስ፣ ስንት መተው እንዳለበት ክርክር ሲነሳ እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር ጥሩ ዳኛ ነው። እድሳት ግምት በሚጀምርበት ቦታ ላይ ማቆም አለበት ይላል። በጎደለው ቦታ የሚገባው አዲስ ክፍል ከነባሩ ጋር ተስማምቶ፣ ነገር ግን አዲስ መሆኑ ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል። ሕንፃን ለኅብረተሰቡ በሚጠቅም ተግባር ላይ ማዋልንም ለጥበቃው የሚበጅ አድርጎ ያየዋል፤ የቤቱን አቀማመጥ ወይም ጌጥ እስካልቀየረ ድረስ። ለናንተ ፕሮጀክት መከራከሪያ የሚሆነው ይኸኛው አንቀጽ ነው።

3. ማኅበሩና ፈቃዱ

ማኅበሩ በሕግ የቆመ ይሁን፤ የቤቱ ባለቤትነት ወይም ኪራይ ደግሞ ረጅም ይሁን። አምስት ዓመት የቀረው የኪራይ ውል ይዛችሁ ተርባይን አትትከሉ፤ ገንዘብ ሰጪም አይሰማችሁም። ቤቱን ብቻ አይታችሁ አትፈርሙ። የቦዩ፣ የመጥለፊያው ግድብና የሁለቱ ዳርቻ ባለቤት ማን እንደሆነ ጠበቃ ይመርምር። ወፍጮው የናንተ ሆኖ ግድቡ የጎረቤት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

የፈቃዱ ዓይነት እንደየአገሩ ይለያያል፤ ቢያንስ አራት በር ግን በሁሉም ቦታ ታንኳኳላችሁ፦ ቅርስ ጥበቃ፣ ግንባታ፣ ውሃና አካባቢ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ባለቤት። በእንግሊዝ ለምሳሌ በቅርስነት የተመዘገበን ሕንፃ ያለ ፈቃድ መነካካት ወንጀል ነው። ከወንዝ ውሃ ለመጥለፍና ለመገደብ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ዓሣ የሚወጣበት መንገድም እንድትሠሩ ሊያዛችሁ ይችላል። ጣሪያው ሥር የሌሊት ወፍ ካለ ደግሞ ሥራው የሚጀመርበት ወር በሷ አቆጣጠር ይወሰናል።

አንድ ምክር አለኝ፦ አራቱን ለየብቻ አትሂዱባቸው። ማመልከቻ ሳታስገቡ በፊት ሁሉንም ወፍጮው ቤት ድረስ ጋብዟቸው። የዓሣው ባለሙያ የሚፈልገው መወጣጫ የቅርስ ባለሙያው እንዳይነካ በሚለው ግንብ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ፣ እዚያው ቆመው ይነጋገሩ። በደብዳቤ ሁለት ዓመት የሚፈጅ ነገር በቦታው ከሰዓት በኋላ ያልቃል።

4. ጣሪያ፣ አሸንዳ፣ ኖራ

ገንዘቡ ሲመጣ መጀመሪያ ወደ ላይ ይውጣ። ጣሪያና አሸንዳ ሳይስተካከል ታች የሚሠራ ሁሉ ይበላሻል።

ከዚያ ግድግዳው። አሮጌ ግንብ የተያያዘው በኖራ ነው፤ ፖርትላንድ የሚባለው የተለመደው ሲሚንቶ እንግሊዝ ውስጥ የባለቤትነት መብት የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1824 ነው፣ ብዙዎቹ ወፍጮዎች ከዚያ በፊት የቆሙ ናቸው። በኖራ የተያያዘ ግንብ ይረጥባል፣ ይደርቃል፤ እርጥበቱ የሚወጣው በድንጋዮቹ መሃል ባለው ኖራ ነው። በደግነት የመጣ ሰው ያንን መስመር በሲሚንቶ ሲደፍነው እርጥበቱ መውጫ አጥቶ በድንጋዩ ፊት በኩል ይወጣል። ጨውና ውርጭ ሲጨመርበት የድንጋዩ ፊት እንደ ቅርፊት ይላጣል። ሲሚንቶው ጠንክሮ ይቀራል፤ ድንጋዩ ወደ ውስጥ ይበላል። እንዲህ ያለ ግድግዳ አንድ ጊዜ ያየ ሰው ሁለተኛ ሲሚንቶ አይነካም።

ሲሚንቶውን የምታወጡት በመሮና በመዶሻ ነው። ግራይንደር ሥራውን ያፈጥናል፣ የድንጋዩንም ጠርዝ ይበላል። የክፍተቱን ስፋት ሁለት እጥፍ ያህል ወደ ውስጥ ቆፍሩ፣ አቧራውን ጥረጉ፣ ግድግዳውን ውሃ አጠጡ። ደረቅ ድንጋይ የኖራውን ውሃ መጥጦ ያደርቀዋል፤ ያ ኖራ በጣት ሲነካ እንደ ዱቄት ይረግፋል። አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ ሻካራ አሸዋ የተለመደ መነሻ ነው፤ የቤቱ የራሱ ኖራ ግን ናሙናው ተመርምሮ አሸዋው ቢመሳሰል ይሻላል። ከጨረሳችሁ በኋላ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑና ለቀናት ውሃ እየረጫችሁ አቆዩት። ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አትሥሩ፤ በጠራራ ፀሐይም እንደዚሁ።

ከውሃው መስመር በታች ነገሩ ይለያል። ተራ ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ስለሆነ ውሃ ውስጥ ለዘላለም ሊጥ ሆኖ ይቀራል። መዘውሩ የሚቆምበት ጉድጓድና ቦዩ ከውሃ ጋር ተዋህዶ የሚጠነክር ሃይድሮሊክ ኖራ ይፈልጋሉ።

አንድ የማይታይ አደጋም አለ። የአንዳንድ ወፍጮዎች መሠረት በእንጨት ምሰሶ ላይ ያረፈ ነው። እንጨት ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ከሆነ ለዘመናት አይበሰብስም፤ አየር ሲያገኝ ግን ይጀምራል። ለሥራ እንዲመች ብላችሁ ቦዩን ለወራት አድርቃችሁ አትተዉት። በክፍል በክፍል አድርቁ፣ ቶሎ ጨርሱ፣ ውሃውን መልሱ።

5. አሁን ማሽኑ

ምርጫውን ወንዙ አስቀድሞ አድርጎላችኋል። ብዙ ውሃ ከትንሽ ከፍታ ካላችሁ የአርኪሜዲስ ጠመዝማዛ ወይም የውሃ መዘውር ነው፤ ትንሽ ውሃ ከትልቅ ከፍታ ከሆነ እንደ ፔልተን ያለ ተርባይን። መሃል ላይ ላለው ክሮስፍሎና ፍራንሲስ የሚባሉት የተርባይን ዓይነቶች ይሆናሉ። ወፍጮ ቤቶች አብዛኞቹ በመጀመሪያው ምድብ ናቸው።

ጠመዝማዛው ቀስ ብሎ ስለሚዞር ዓሣ ሳይጎዳ ያልፍበታል፤ ቅጠልና ጭራሮም ያሳልፋል። መዘውር ደግሞ ለዓይን ደስ ይላል፣ ወፍጮውን ወፍጮ የሚያሰኘውም እሱ ነው። ጆን ስሚተን እ.ኤ.አ. በ1759 በሞዴል ለክቶ እንዳሳየው ውሃው ከላይ የሚወድቅበት መዘውር ከሥሩ ከሚመታው ሁለት እጥፍ ገደማ ኃይል ይጠቀማል። ስለዚህ የናንተ መዘውር ውሃ የሚቀበለው በየት እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ። ሌላው ችግር ፍጥነት ነው። በደቂቃ 8 ጊዜ የሚዞር መዘውር 1,500 ጊዜ የሚዞር ጄነሬተር እንዲያንቀሳቅስ 187 እጥፍ ማፋጠን ያስፈልጋል፤ በየማርሹና በየቺንጋው ኃይል ይባክናል።

የኔ ምርጫ ግልጽ ነው። መዘውሩ ነባር ከሆነ ሌት ተቀን ጄነሬተር አታስጎትቱት፤ ቅርስ በሥራ ብዛት መሞት የለበትም። ጠመዝማዛውን በማፍሰሻው ቦይ አጠገብ ትከሉና ገንዘብ ያምጣ፤ መዘውሩ እንግዳ ሲመጣ ይዙር።

ማሽኑ ከቤቱ ግንብ ጋር አይጣበቅ። የራሱ መሠረት ይኑረው፣ መሃሉ ይተው፣ ከሥሩ ጎማ ይግባ። ትንሽ ንዝረት በቀን 24 ሰዓት ሲሆን የኖራ ግንብ ይፈታል። ሁሉም ነገር ከ40 ዓመት በኋላ ተፈትቶ ሲወጣ ቤቱ ላይ ቁስል የማይተው ይሁን። የኤሌክትሪክ ሳጥኑ ቀደም ብለን ካየነው የጎርፍ ጭረት በላይ ይሰቀል፤ ከጭረቱ ከፍ ቢል እንጂ በጭረቱ ልክ አይሁን።

6. መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል?

ጨረታ ስታወጡ እያንዳንዱን ተጫራች ይህን ጥያቄ ጠይቁት፤ አመላለሱ ብዙ ይነግራችኋል።

ከመስመር ጋር የተገናኘ ጄነሬተር የአካባቢው መብራት ሲጠፋ ወዲያው መላቀቅ አለበት፤ አለዚያ መስመሩን የሚጠግነው ሠራተኛ ላይ ኤሌክትሪክ ይልካል። ሲላቀቅ ግን የሚይዘው ሸክም የለም፤ ውሃው መግፋቱን ቀጥሏል። ማሽኑ ያለ ልጓም ይሮጣል። ስለዚህ የውሃው በር መዘጋት አለበት፣ የሚዘጋውም ኤሌክትሪክ በሌለበት ሰዓት ነው! መፍትሔው በሩ በራሱ ክብደት እንዲወድቅ ማድረግ ነው፦ መብራት ሲኖር ሞተር ወይም ማግኔት ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፣ መብራት ሲጠፋ ይለቀዋል። ተጫራቹ «ባትሪ አለው» ካለ፣ ባትሪው ሲሞት ምን እንደሚሆን ጠይቁት። ሥራውን ስትረከቡም በወረቀት አትቀበሉ። ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ እናንተው ራሳችሁ አጥፉና በሩ ሲወድቅ ቆማችሁ እዩ።

7. ገንዘቡ

ሁለት ባጀት ያዙ፤ አንዱ ለቤቱ፣ አንዱ ለጣቢያው። ቤቱን የሚያሳድሰው እርዳታ ነው፤ የኤሌክትሪክ ገቢ የወደቀ ጣሪያ መልሶ አይሠራም፣ የተሠራውን ግን ይጠብቃል። የምታመነጩትን መጀመሪያ ራሳችሁ ተጠቀሙበት። ከመስመሩ የምትገዙት ኤሌክትሪክ ለመስመሩ ከምትሸጡት አብዛኛውን ጊዜ ስለሚወደድ፣ ትርፉ ያለው ያልገዛችሁት ላይ ነው።

በመንግሥት ድጎማ ላይ ብቻ አትመሥረቱ። በብሪታንያ ለአነስተኛ አመንጪዎች ጥሩ ዋጋ ይከፍል የነበረው መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2010 ተጀምሮ በመጋቢት መጨረሻ 2019 ለአዲስ አመልካቾች ተዘጋ። ሂሳባቸውን በሱ ላይ ሠርተው ፈቃድ ሲጠብቁ ቀኑ ያለፈባቸው ነበሩ። ከገቢው በየዓመቱ የተወሰነውን ለኩሽኔታና ለማርሽ መቀየሪያ በተለየ ሂሳብ አስቀምጡ፤ ሽያጩን ለብቻው በቆመ ንግድ ድርጅት ማካሄድ ይሻል እንደሆነም የሂሳብ ባለሙያ ይንገራችሁ።

8. ከምርቃቱ ማግስት

ጣቢያውን የሚያቆመው ብዙ ጊዜ ቅጠል ነው። በመግቢያው ላይ ያለው ፍርግርግ በቅጠል ሲሸፈን ውሃው ከፍርግርጉ በላይና በታች እኩል መሆኑ ይቀራል፤ የ20 ሴንቲሜትር ልዩነት ከ2 ሜትር ላይ አንድ አሥረኛውን ኃይል ይወስዳል። ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት በቀን ሁለት ጊዜ መጥረግ ያስፈልግ ይሆናል። ስለዚህ ከመመረቁ በፊት የተራ ዝርዝር ይውጣ፤ ሰኞ ማን፣ ማክሰኞ ማን። ማንም ለብቻው አይጥረግ፣ የሚቆምበት ቦታም መከለያ ይኑረው፤ ከፍርግርጉ ፊት ያለው ውሃ ጸጥ ያለ ይመስላል እንጂ ይስባል።

ተረኛው ፍርግርጉን ከጠረገ በኋላ የማሽኑን መሸፈኛ ሳይከፍት ሦስት ነገር ይመዝግብ፦ ሁለቱ ሰሌዳዎች ላይ ያለውን የውሃ ከፍታ፣ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር፣ የኩሽኔታውን ሙቀት። ለሙቀቱ ቴርሞሜትር ከሌለ መዳፉን የኩሽኔታው የውጭ ቤት ላይ ያሳርፍ፤ ከትናንቱ የጋለ ከመሰለው ግራሶ ጎድሏል ወይም ኩሽኔታው እያለቀ ነው። ደብተሩ እርሳስ ታስሮበት በሩ አጠገብ ይንጠልጠል፤ እስክሪብቶ እዚያ እርጥበት ውስጥ አይጽፍም።